ፋይብሮሲስ፦ የጉበት ጠባሳ

ሲያትል ውስጥ የጉበት ክትትል የሚያደርጉ ወገኖቻችን ሐኪም ዘንድ ደጋግመው የሚሰሙት ቃል ነው፤ ፋይብሮሲስ። በዚህ ጽሑፍ «የጉበት ጠባሳ» እንለዋለን። «ሲሮሲስ» የሚባለው የዚሁ ጠባሳ የመጨረሻ ደረጃ ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ መተርጎም በሽተኛውን ያለ ጊዜው ያስደነግጣል።

ጠባሳውን የሚሠራው ማን ነው? እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለ ቫይረስ ወይም አልኮል ጠቡን ይጭራል እንጂ ጠባሳውን የሚያበጀው የራሳችን አካል ነው። ጉበት ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ህዋሳት አሉ፤ ባክቴሪያንና የሞተ ህዋስን ውጠው ስለሚያጠፉ «ዋጭ ህዋስ» ብንላቸው ያስኬዳል። የጉበት ህዋስ ሲጎዳ ይነቃሉ፤ ከደም ውስጥም ረዳት ይጠራሉ። ከሚለቋቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች አንዱ ቲጂኤፍ ቤታ ይባላል። መልእክቱ የሚደርሰው ኮከብ መሰል ቅርጽ ያለው ሌላ ህዋስ ዘንድ ነው። ይህ ህዋስ በጤናው ጊዜ ቫይታሚን ኤ ያከማቻል፤ መልእክቱ ሲደርሰው ግን ግምጃ ቤቱን ትቶ ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ፕሮቲን ማምረት ይጀምራል። ጉዳቱ ቶሎ ከቆመ ኮላጅኑ ይጸዳል፤ ለዓመታት ከዘለቀ ይደራረብና የደም መተላለፊያውን ያጠባል።

አገር ቤት ሁነኛው ምሳሌ ብልሃርዚያ ነው፤ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ለማጥፋት ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ዕድሜያቸውን የሰጡለት በሽታ። በሽታውን የሚያመጣው ትል የሚኖረው በደም ሥር ውስጥ ሲሆን እንቁላሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። የመከላከያ ህዋሳት ይከቡታል፤ ጠባሳው የሚበጀው በዚያ ከበባ ዙሪያ ነው።

ታዲያ ዋጭ ህዋሳትን ማጥፋት መፍትሔ ይሆን? በ2005 እ.ኤ.አ. ኋላ በሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ጀርሚ ደፊልድና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ይህንኑ ሞከሩ። ጉበቱ በመጎዳት ላይ ሳለ ህዋሳቱ ሲወገዱ ጠባሳው ቀነሰ። ጉዳቱ ቆሞ ጉበቱ ማገገም ከጀመረ በኋላ ሲወገዱ ግን ጠባሳው ሳይጸዳ ቀረ። ለካ ሠሪውም አፍራሹም አንድ ወገን ነው! በእኔ እይታ ከግኝቱ ለበሽተኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ መንሥኤው ከተወገደ፣ ማለት ቫይረሱ በመድኃኒት ከተገታ ወይም መጠጡ ከቆመ፣ ጠባሳው ሊቀንስ ይችላል።

ሲያትል ከጉበት ጋር ሌላም ታሪክ አላት። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ቤንጃሚን ሆል ከባልደረቦቻቸው ጋር እርሾ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን የላይኛ ፕሮቲን እንዲያመርት አደረጉ፤ ውጤቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በዚሁ መንገድ የተሠራው ክትባት በ1986 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢትዮጵያ ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት አገር ቤት የተወለድን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልተከተብንም።

የጠባሳው ደረጃ ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 ይቆጠራል፤ ኤፍ 4 ሲሮሲስ ነው። ዛሬ የጉበቱን ጥንካሬ ያለ መርፌ፣ ከቆዳ ላይ የሚለካ መሣሪያ አለ። ዓይን ቢጫ እስኪሆን፣ «የወፍ በሽታ» እስኪታይ መጠበቅ አያዋጣም፤ ጠባሳ ለዓመታት ያለ ምልክት ይሠራል።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንዲያደርግ ከ2023 ጀምሮ ይመክራል። አንባቢ ሆይ፣ ካልተመረመሩ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ፋይብሮሲስ አለብዎ ከተባሉም «ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? መንሥኤውስ ምንድን ነው?» ይበሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ ካስፈለገዎት፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።