የሚናማታ ባሕርና የሜርኩሪ መርዝ



በጃፓን አገር፣ ሚናማታ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ቺሶ የተባለው ኩባንያ ፋብሪካ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሜርኩሪ ያለበትን እጣቢ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ይህ መርዝ በውሃ ውስጥ አይጠፋምና ከጥቃቅኑ ፍጥረት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣውም ወደ ሰው ገላ እየተከማቸ ተላለፈ።

አስቀድሞ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። በ1956 ዓ.ም. ሕፃናት እጅና እግራቸው ሲሰንፍ፣ አንደበታቸውም ሲታሰር፣ የፋብሪካው ሆስፒታል ሹም ዶክተር ሆሶካዋ ለጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስታወቁ። እናቶቻቸው ደኅና መስለው ሳሉ በማኅፀን የተመረዙ ልጆችም ተወለዱ።

እኒሁ ሐኪም በ1959 ዓ.ም. እጣቢውን ከምግብ ጋር ለድመት ቢሰጡ፣ ድመቲቱ በዚያው ደዌ ተያዘች፤ ኩባንያው ግን ውጤቱን ሸሸገው። (ሐኪሙን ከመውቀስ በፊት የማንን እንጀራ ይበሉ እንደ ነበር ማሰብ ይገባል።) እጣቢው የቆመው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በሜርኩሪ የሚሠራው ዘዴ ጊዜው ስላለፈበት ነበር።