ጽኑ የታመሙ ሕፃናትን የሚያክሙ ሐኪሞች ትምህርት አጀማመር

ጽኑ የታመሙ ሕፃናትን ማከም ዛሬ ራሱን የቻለ ሞያ ነው። በአሜሪካ አንድ ሐኪም ለሦስት ዓመት አጠቃላይ የሕፃናት ሕክምና ከተማረ በኋላ ለዚሁ ሞያ ሌላ ሦስት ዓመት ይጨምራል። የዚህን ትምህርት ምንጭ ስንመረምር የምናገኘው ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። ይህንኑ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ዓመታቱም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1952 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን ብርቱ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። ሕሙማኑን የተቀበለው የብሌግዳም ሆስፒታል ለመተንፈሻ የሚረዱ ሰባት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩት፤ እነርሱም አንድ የብረት ሳንባና ስድስት በደረት ላይ የሚታሰሩ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነዚህ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ስለዚህ የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ላሰን የማደንዘዣ ሐኪም የነበሩትን ብዮርን ኢብሰንን አማከሩ።

በሕሙማኑ ደም ውስጥ የበዛ ቢካርቦኔት ይገኝ ነበር፤ ሐኪሞቹም ምክንያቱ የአልካሊ መብዛት ይመስላቸው ነበር። ኢብሰን ግን ይህ የሆነው ሕሙማኑ በሚገባ ባለመተንፈሳቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰውነታቸው ስለ ተጠራቀመ ነው አሉ። ኦገስት 27 ቀን የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ ገባላት፤ በላስቲክ ከረጢትም አየር በእጅ እየተገፋላት ከሞት ተረፈች።

ነገር ግን ያን ከረጢት ቀንና ሌሊት ማን ይጭመቀው? ለዚህ ሥራ የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ ሠሩ፤ ወረርሽኙ በበረታበት ጊዜም 70 ያህል ሕሙማን በአንድ ጊዜ በሰው እጅ ይተነፍሱ ነበር። ከመቶ 87 የነበረው ሞት ወደ 40 ገደማ ወረደ። ተማሪው ከአልጋው ሳይለይ የሕመምተኛውን የፊት ቀለም፥ ላቡንና የልብ ምቱን መመልከት ነበረበት። የሞያው ዋና ትምህርት እስከ ዛሬም ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ኢብሰን በ1953 ዓ.ም. በኮፐንሀገን ቋሚ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አቋቋሙ። ሆኖም ሕፃን በመጠን ያነሰ አዋቂ አይደለም። የአየር ቧንቧው ጠባብ ስለ ሆነ ጥቂት እብጠት ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል፤ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ለአየሩ የሚገጥመው እንቅፋት 16 እጥፍ ያህል ይሆናልና። ስለዚህ ሐግሉንድ በ1955 ዓ.ም. በስዊድን በጎተንበርግ፥ ዳውንስ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ለሕፃናት ብቻ የሆነ ክፍል ከፈቱ። ሁለቱም የማደንዘዣ ሐኪሞች ነበሩ። የሕፃናት ሐኪሞች ይህን ጥበብ ከእነርሱ እየተማሩ የራሳቸው አደረጉት፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሞያ ማረጋገጫ ፈተና ተሰጠ።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው በብሌግዳም ሞትን የቀነሰው አዲስ መሣሪያ አይደለም፤ የአተነፋፈስን ነገር በሚገባ ያወቀ ሐኪምና ከአልጋው አጠገብ የማይለይ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ክፍል ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት የሰዎቹን ትምህርት ማሰብ ይገባዋል እንላለን።