የሮማ ቁጥሮችን በጨዋታ ማስተማር

የሮማ ቁጥሮችን በጨዋታ ማስተማር ሕፃናት የጥንት ሮማውያንን የቁጥር አጻጻፍ በእጃቸው እየሠሩ የሚለዩበት ዘዴ ነው። ለዚህ አጻጻፍ በተለይ ይስማማል፤ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ከቀጥታ መስመር የተሠሩ ናቸውና። አንድ የቆመ እንጨት 1፣ ታች ጫፋቸው የገጠመ ሁለት እንጨቶች 5፣ የተመሳቀሉ ሁለት እንጨቶች ደግሞ 10 ናቸው። የአይስክሬም እንጨት ወይም እኩል የተቆረጠ ስንደዶ ይበቃል፤ ስቴኪኒ ጫፉ ስለሚወጋ ለትንንሾች አይሆንም።

ጨዋታው ከመደመር ይጀምራል። ልጁ እንጨት እየጨመረ እስከ 3 ይደረድራል፤ ከ5 በስተቀኝ አንድ ሲያኖር 6 ያገኛል። ዋናው ትምህርት ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው፦ ያንኑ እንጨት አንሥቶ ከ5 በስተግራ ሲያቆመው 6 የነበረው 4 ይሆናል። እንጨቱ ሳይጨመርና ሳይቀነስ ቁጥሩ መለወጡ የቦታን ትርጉም ከማንኛውም ገለጻ በተሻለ ያስረዳል። በ10 ግራና ቀኝ 9 እና 11ም እንዲሁ ይሠራሉ።

ቀጥሎ ከካርቶን የሰዓት ገጽ ይሠራል። ብዙ የግድግዳ ሰዓቶች 4ን በአራት ቁም መስመሮች ስለሚያሳዩ መምህሩ ይህን አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል። 100 እና 500 ቅርጻቸው ጎባጣ በመሆኑ በሊጥ ወይም በጭቃ ይበጃሉ፤ ለጀማሪ ግን አያስቸኩሉም።

የግእዝ ቁጥር የለመዱ ልጆች ፲፩ን ዐሥርና አንድ ብለው ስለሚያነቡ መደመሩ አይከብዳቸውም፤ ሁለቱም አጻጻፎች ዜሮ የላቸውም። በግእዝ መቀነስ ስለሌለ ግን 4 እና 9 ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ያሻል።