ስልክ የሌለው ሰውና ስልክ የተቋረጠበት ሰው

«ያለ ሞባይል መኖር ይቻላል ወይ?» ሲባል ብዙ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው መልስ «አባቶቻችን ኖረው የለ እንዴ!» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ኖረዋል። ግን እንዴት ኖሩ? ላስታን ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል።

ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ያውም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ። ላሊበላ ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት በየዓመቱ ለገና በምእመን ስትጥለቀለቅ ኖራለች። ከየአገሩ የተነሳው ስንቁን ቋጥሮ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ አቋርጦ፣ በዚያው ሌሊት እዚያው ደጅ ይገናኛል። ደውሎ የጠራው የለም። ቀኑ የታወቀ፣ ቦታውም የታወቀ ነው።

ለሳምንቱ ጉዳይ ደግሞ የቅዳሜ ገበያ አለ። የታመመው፣ የተዳረው፣ ዕዳ ያለበት ሁሉ ወሬው እዚያ ይደርሳል። «ለእገሌ ንገሩልኝ» የተባለ ቃል ከእህሉና ከጨው ጋር በገበያተኛ አፍ አገር ይገባል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ የመንግሥት ትእዛዝ ሲኖር ነጋሪት ይጎሰማል።

ይህ አሠራር ለትልቅ ነገርም በቅቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ ክተት ሲያውጁ፣ ዘማቹን የቀጠሩት ለጥቅምት እኩሌታ፣ ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ላይ ነበር። ያ ሠራዊት የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ድል አደረገ።

እንግዲህ አባቶች ያለ ስልክ ኖሩ እንጂ ያለ መልእክት አልኖሩም። ሁለት ነገር ነበራቸው፦ የማይናወጥ ቀጠሮና ክፍት መንገድ።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የህወሓት ኃይሎች ላሊበላን ሲይዙ የሆነው ግን ሌላ ነው። ስልክ፣ መብራትና ባንክ ተቋረጡ። ከተማዋ ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. በመንግሥት ጦር እጅ ገባች፤ ታኅሣሥ 3 ቀን እንደገና ተያዘች፤ በዚያው ወር ተመለሰች። በእነዚያ ወራት ላሊበላ ወደ አባቶች ዘመን ተመለሰች የሚል ካለ ተሳስቷል። አባቶች ስልክ ባይኖራቸው መንገደኛ ነበራቸው። በጦርነቱ ጊዜ ግን መንገዱም አብሮ ተዘጋ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን ደህንነት የሚሰማው፣ በእግሩ ሾልኮ የወጣ ሰው ካገኘ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሞባይል ከመጣ ወዲህ ቀጠሮ ላልቷል። «ስደርስ እደውላለሁ» የሚለው ቃል ቀኑንም ሰዓቱንም ቦታውንም ተክቷል። ስለዚህ ስልኩ ሲጠፋ ሰው የሚወድቅበት አሮጌ ልማድ አያገኝም፤ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ያም ሆኖ አንድ ቀጠሮ አልላላም። ላሊበላ ከተመለሰች ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ተከበረ፤ ምእመኑም መጣ።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ሲነሳ ኢንተርኔት ዳግመኛ ለብዙ ወራት ጠፋ። ዛሬ ሞባይሉን በፈቃዱ ዘግቶ ሱባኤ የሚገባ ሰው አለ፤ ሲወጣ መልሶ ይከፍተዋል። የተቋረጠበት ሰው ግን መክፈቻው በእጁ አይደለም። «አባቶቻችን ኖረዋል» የሚለው መልስ ለመጀመሪያው ሰው ምክር ይሆናል፤ የእናቱን ድምፅ ለሚጠብቀው ግን ስድብ ነው።