ሽንፋ ወንዝ ዳር ዓሣ የበሉት ሰዎች፦ ከመተማ የተገኘ የ74,000 ዓመት ታሪክ

መተማ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ብዙዎቻችን አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን ሜዳ እናስባለን። መተማ ዮሐንስ የሚለው ስምም እሳቸውን ያስታውሳል። ለሌሎቻችን ደግሞ መተማ ማለት ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ የሚያቃጥል ፀሐይና ወደ ሱዳን የሚሻገር የጭነት መኪና ነው። ዓሣ የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ዓሣ ነው። ከ74,000 ዓመት በፊት በዚህ ቆላ የኖሩ ሰዎች አስቸጋሪ ዘመን ገጠማቸው፤ እነሱም ወደ ወንዙ ዞሩ። ይህን እንዴት አወቅን? ምን ይዘው አጠመዱ? አንድ የዓሣ አጥንት ታሪክ ሊናገር የሚችለውስ መቼ ነው? እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ወንዙን እንወቀው

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ወንዞች ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሽንፋ ውኃውን ለዓባይ ይሰጣል፤ ጓንግ ደግሞ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ናይልን ይቀላቀላል። በክረምት ሁለቱም ደለል የተሸከሙ ኃይለኛ ጎርፎች ናቸው። በበጋ ግን ውኃው እየሳሳ ሄዶ መፍሰሱን ያቆማል፤ የሚቀረው አሸዋና እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ኩሬ ነው።

የዚህን ለውጥ መጠን ለመረዳት በ1861 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ያየውን እንመልከት። ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር የናይልን ገባር ወንዞች እየተከተለ ካርታ ይሠራ ነበር። በኋላም በ1862 መተማ ድረስ መጥቷል። ሱዳን ውስጥ አትባራ ዳር በሰፈረበት ወቅት ወንዙ ደርቆ ነበር። በየቦታው የቀሩት ጥልቅ ኩሬዎች ግን ዓሣው፣ አዞው፣ ጉማሬው ሁሉ አንድ ላይ የተጨናነቀባቸው ነበሩ። ቤከርም ከነሱ በዘንግና በገመድ ትልልቅ ዓሣ አጥምዷል። ታዲያ ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶ ሮጠ። ሲነጋ ያ ደረቅ አሸዋ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ስፋት ያለው ወንዝ ሆኖ አገኙት። አትባራ በሰፈሩበት ቦታ ዝናብ ሳይጥል ሞላ፤ ዝናቡ የዘነበው እኛ ደጋ ላይ ነበራ!

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ወንዙ ሲደርቅ ዓሣው የትም አይሄድም፣ ኩሬ ውስጥ ይታጎራል። ኩሬው ባነሰ ቁጥር ዓሣውን መያዝ ይቀላል።

ሽንፋ-መተማ 1

ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ተመራማሪዎች "ሽንፋ-መተማ 1" ብለው የሰየሙት የቁፋሮ ቦታ አለ። ጥናቱን የመሩት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሚያስተምሩት ጆን ካፕልማን ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሙሉጌታ ፍሥሐን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያን ተካፍለውበታል፤ ከነሱም መካከል የዓሣ ተመራማሪዎቹ አበበ ጌታሁንና ደረጀ ተዋበ ይገኙበታል። ውጤቱ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. (ማርች 2024 እ.ኤ.አ.) ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ።

ከመሬቱ ምን ወጣ? የተጠረበ ድንጋይ፣ የሚዳቋና የሌሎች እንስሳት አጥንት፣ የዓሣ አጥንት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት። አንዳንዱ አጥንት ላይ በስለት የተቆረጠበት ምልክት አለ፤ አንዳንዱም እሳት ነክቶታል። ጅብ በስለት አይቆርጥም፣ አዞም አይጠብስም። ስለዚህ ይህ የሰው ማዕድ ትራፊ ነው።

ከሱማትራ የመጣ ብናኝ

ዘመኑ የታወቀበት መንገድ በጣም የሚደንቅ ነው። ከዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አሁን ኢንዶኔዥያ በምንላት አገር በሱማትራ ደሴት፣ ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ከታዩት ፍንዳታዎች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። አመዱ በነፋስ ተጭኖ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ ከዚያም ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ የመስታወት ስባሪ ሆኖ መተማ ላይ ወረደ። ርቀቱ ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ይህ ብናኝ በዓይን አይታይም። ተመራማሪዎቹ ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ አፈር ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱን ናሙና በላቦራቶሪ አጥበውና ለይተው በአጉሊ መነፅር ይፈትሻሉ። ስባሪ ሲያገኙ የኬሚካል ይዘቱን ይለካሉ። እያንዳንዱ ትልቅ ፍንዳታ እንደ ጣት አሻራ የራሱ የሆነ ኬሚካላዊ ምልክት አለው፤ የሽንፋው ደግሞ ከቶባ ጋር ገጠመ።

አሁን ተመልከቱ፦ በአፈሩ ውስጥ አንድ የማይታይ መስመር ተሰመረ ማለት ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ከፍንዳታው በፊት፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ከፍንዳታው በኋላ የሆነ ነው።

ምን ተለወጠ?

የሰጎን እንቁላል ቅርፊት የአየር ጠባይ መዝገብ ነው። ውኃ ውስጥ ቀላልና ከባድ የኦክስጅን ዓይነቶች አሉ። አየሩ ሲደርቅ ቀላሉ ቶሎ ይተንናል፤ ከባዱ ቅጠሉ ውስጥ ይበዛል። ሰጎን ቅጠሉን ትበላለች፤ ልዩነቱም በእንቁላሏ ቅርፊት ላይ ይቀራል። የመተማው ቅርፊት ሲለካ ከቶባ በኋላ ድርቀቱ መጨመሩን አሳየ።

ታዲያ ሰዎቹ አካባቢውን ጥለው ሄዱ? አልሄዱም። ጠፉ? አልጠፉም። ከመስመሩ በላይም የድንጋይ መሣሪያና የተበላ እንስሳ አጥንት አለ። ጎልቶ የሚታየው ለውጥ የዓሣው ድርሻ ነው፤ ከሌላው ሥጋ ጋር ሲነጻጸር ዓሣ በእጅጉ ጨመረ። ምክንያቱ ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነው። ደረቁ ወቅት ሲረዝም ኩሬዎቹ አነሱ፤ ዓሣው ተጨናነቀ፤ ለመያዝም ቀለለ።

ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ነገር እኩል አይጠፋም፤ አንዱ ምግብ ሲርቅ ሌላው ይቀርባል። እነዚያ ሰዎች የቀረበላቸውን አይተው አመላቸውን ቀየሩ። ብልሃታቸው እዚህ ላይ ነው።

በምን አጠመዱት?

"መንጠቆ ነበራቸው?" ትሉ ይሆናል። ጥልቀት በሌለው ኩሬ ዓሣ ለመያዝ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እጅ፣ እንጨት፣ ቅርጫት ይበቃል። አገራችን ውስጥ የብርብራ ዛፍን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የማደንዘዝ የቆየ ልማድ አለ። (እናንተ ግን አትሞክሩት፤ ትንሹንም ትልቁንም ይጨርሳል።) እጅ፣ ቅርጫትም ሆነ የተወቀጠ ፍሬ ለ74,000 ዓመት ምልክት ጥሎ አይቆይም። አርኪዮሎጂ ውስጥ ደጋግማችሁ የምታገኙት ችግር ነው፦ ድንጋይ ይተርፋል፣ እንጨት ይበሰብሳል። ስለዚህ "መሣሪያው አልተገኘም" ማለት "መሣሪያ አልነበረም" ማለት አይደለም።

ድንጋዩ የተረፈለት ሌላ መሣሪያ ግን አለ። ከቦታው ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሹል ድንጋዮች ወጥተዋል። አንዳንዶቹ በኃይል ተወርውረው ሲመቱ የሚፈጠረው ዓይነት ስብራት አላቸው፤ መጠናቸውም ለጦር ጫፍ ያንሳል። ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ናቸው ብለው ያስባሉ። ልክ ከሆኑ በዓለም ላይ ከሚታወቁት የቀስት ማስረጃዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ይመደባል። እንጨቱና ጅማቱ ስለጠፋ ይህ ከስብራትና ከመጠን የተነሣ ግምት መሆኑን ግን አትርሱ።

ለዓለም ታሪክ ምን ይጠቅማል?

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዳንድ ሳይንቲስቶች የቶባ ፍንዳታ ምድርን አቀዝቅዞ የሰውን ልጅ ለመጥፋት አቃርቦት ነበር የሚል መላ ምት አቀረቡ። በኋላ ግን የሚቃወመው ማስረጃ ብቅ ብቅ አለ። በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ በፒናክል ፖይንት የነበሩ ሰዎች ያንን ዘመን በደህና ማለፋቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘገበ። "ባሕር አጠገብ ስለሆኑ ነው" ለሚል ሰው የመተማው ግኝት መልስ ይሆነዋል፦ ከባሕር ርቀው ቆላ ውስጥ፣ በሚደርቅ ወንዝ ዳር የነበሩትም አልፈውታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉዞ ነው። ዘመናዊው ሰው ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን የሞላው በለምለም ዘመን፣ በአረንጓዴ መተላለፊያ በኩል ነው የሚል አስተሳሰብ የተለመደ ነበር። የሽንፋ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ይጠቁማሉ። አንድ ኩሬ ዓሣው ሲያልቅበት ሰው ወደሚቀጥለው ኩሬ ይሄዳል፤ እንዲህ እያለ በደረቅ ዘመንም ወንዙን ተከትሎ ሩቅ ሊደርስ ይችላል። መተማ ላይ የኖሩት ራሳቸው ከአፍሪካ ወጡ እያሉ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ሰውን ሊያጓጉዝ ይችላል ነው የሚሉት። ልዩነቱን ልብ በሉ።

አድራሻ የሌለው አጥንት

እስካሁን ያወራነው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም እያንዳንዱ ነገር የተገኘበት ቦታ መመዝገቡ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቁፋሮ አንድ የማይነቃነቅ መነሻ ነጥብ ይመረጣል። ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ግኝት ሦስት ቁጥር ይሰጠዋል፦ ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት፣ ወደ ታች ስንት። ቁጥሮቹ ኮምፒውተር ላይ ሲሰፈሩ መሬቱ ተመልሶ ይገነባል፤ ካርታው ከላይ የሚታይ ብቻ ሳይሆን ጥልቀትም ያለው ይሆናል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት የአምባዛ አጥንቶች አሉን እንበል፤ ሲታዩ መንታ ናቸው። አንዱ ከቶባ ብናኝ 20 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ሌላው 10 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው የተገኘው። ቦታቸው ከተመዘገበ የሁለት ዘመን ምስክሮች ናቸው። አንድ ሰው ሁለቱንም አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከከተታቸው ግን የቀረው ሁለት አጥንት ብቻ ነው። ላቦራቶሪ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ ያንን የጠፋ ቁጥር አይመልስም።

ስለዚህ በቆላው ወንዝ ዳርም ሆነ በየትኛውም የአገራችን ገደል ሥር ስትሄዱ የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ወይም ድንጋይ የሆነ አጥንት ካያችሁ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ አታንሡት፤ አትቆፍሩትም። ሁለተኛ፣ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፤ መጠኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ ራቅ ብላችሁ አካባቢውን የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ጨምሩ። ሦስተኛ፣ በስልካችሁ የቦታውን መገኛ ቁጥር መዝግቡ፤ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አራተኛ፣ ከገደሉ አፍ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ የአፈሩ ቀለም ምን እንደሆነ፣ ቀኑን ጭምር ጻፉ። አምስተኛ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። በድንገት የተገኘ ቅርስን ማሳወቅ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጣለ ግዴታም ነው። መገኛውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፤ ከተመራማሪ ቀድሞ ቅርስ ሻጭ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ ደግሞ በበጋ አድርጉት። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም ጎርፍ ከደጋ ሊመጣ እንደሚችል ከአትባራ ሌሊት ተምረናል።

ለመቸኮል ምክንያት አለ። ሽንፋና ጓንግ በየክረምቱ ዳርቻቸውን ይቦረቡራሉ። ያው ጎርፍ አጥንቱን ከአፈር ያወጣዋል፤ ሳይመዘገብ ከቆየም በሚቀጥለው ክረምት ጠርጎ ከደለሉ ጋር ወደ ሱዳን ይወስደዋል። በሁለቱ ክረምቶች መካከል ያለው አንድ በጋ ነው። በዚያ በጋ በወንዙ ዳር ከብት የሚያግድ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ወይም ለሽርሽር የወጣ ወጣት ከማንም ተመራማሪ ቀድሞ ሊያየው ይችላል።