የአሻንጉሊት ታሪክ ከየት ይጀምራል?

ከልጅነት ጀምሮ አሻንጉሊት ስንሠራ ያደግን የመካነ ሰላም ልጆች የዚህን ሙያችንን ፊልም ልንቀርጽ አስበናል። ታዲያ ታሪኩን ከየት እንጀምር?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው በ1957 ዓ.ም. ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. ታየች። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር የፈጠሯት ይህች ቀጭኔ በ2001 ዓ.ም. የጃፓንን ሽልማት አገኘች። የተሠራችው እኮ ከካልሲ ነው!

የቦረና እረኛም እጁ ላይ ካለው ጭቃ በሬ አበጅቶ፣ በራሱ አፍ እያጓራለት ያዋጋል። ፀሐይ ግን ተቀርጻ ቀረች፤ የጭቃው በሬ ክረምት ሲገባ ይፈርሳል፣ ሠሪውም ያድግና ይረሳዋል። ስለዚህ ፊልማችን ከእጁ ይጀምር፦ ጭቃው ሲቦካ፣ ቀንድ ሲወጣለት፣ ድምፅ ሲሰጠው። ቀረጻውም ከሐምሌ በፊት ይሁን።