የኮፈን አየር ማስገቢያ

የኮፈን አየር ማስገቢያ በመኪና ኮፈን ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ አፉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የተከፈተ፣ የውጭውን ቀዝቃዛ አየር ወደ ሞተሩ የሚያደርስ ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ «ሁድ ስኩፕ» ይባላል። በተለይ የሚታወቀው በ1960ዎቹ አጋማሽና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በተሠሩት «መስል ካር» በሚባሉ መኪኖች ነው። እነዚህም በአብዛኛው መካከለኛ መጠን ያላቸው፣ ባለ ሁለት በርና ትልቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተገጠመላቸው መኪኖች ናቸው። ዛሬ እነዚህን አሮጌ መኪኖች የሚያድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከፋይበርግላስ የተሠራ አየር ማስገቢያ በብረት ኮፈን ላይ ይገጥማሉ። ሥራው ቀላል ቢመስልም ኮፈኑን መብሳት ስለሚጠይቅ በቀላሉ አይመለስም። በተጨማሪም ፋይበርግላስና ብረት ጠባያቸው የተለያየ በመሆኑ መገጣጠሚያው ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስያሜ

«ኮፈን» የሚለው ቃል «ኮፋኖ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን የሞተር ክዳን ማለት ነው። ላሜራ (ስስ የብረት ሉህ)፣ ቦሎን፣ ዳዶ (የቦሎን ማሰሪያ)፣ ሮንዴላ (ከዳዶ ሥር የሚገባ ቀለበት) እና ስቱኮ (የጎደጎደ ቦታ መሙያ) የሚሉት የጋራዥ ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የገቡ ናቸው።

አሠራር

የቤንዚን ሞተር ኃይል የሚወሰነው በሲሊንደሮቹ ውስጥ ሊያቃጥለው በሚችለው የነዳጅ መጠን ነው። ነዳጅ ለመቃጠል ኦክስጅን ስለሚያስፈልገው፣ ብዙ አየር የሚያስገባ ሞተር ብዙ ኃይል ይሰጣል። በኮፈን ሥር ያለው አየር ግን በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ቱቦዎች ይሞቃል፤ አየር ሲሞቅ ደግሞ ይሳሳል። ግፊቱ እኩል ሆኖ፣ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር 25 ዲግሪ ከሆነ አየር በ10 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የአየር ማስገቢያው ዋና ጥቅም ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር ማቅረቡ ነው።

መኪናው ሲሮጥ አየሩ በግፊት ወደ ሞተሩ ይገባል የሚለው ሐሳብ እውነት ቢሆንም፣ ውጤቱ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚገኘው ተጨማሪ ግፊት ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ግፊቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚጨምር በ160 ኪሎ ሜትር ወደ 1.2 በመቶ ይደርሳል። ይህም ቢሆን የሚገኘው መተላለፊያው ምንም አየር ካላሾለከ ብቻ ነው።

አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ከኮፈኑ ገጽ ጋር ተጠግቶ የሚያልፈው አየር በሰበቃ ምክንያት ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አፉ ወደ ፊት የሆነ ማስገቢያ ከኮፈኑ ከፍ ሲል የተሻለ አየር ያገኛል። አፉ ወደ ኋላ የሆነው ዓይነት ደግሞ ከፊት መስታወቱ ግርጌ አየር ይወስዳል፤ በዚህ ቦታ አየሩ ከመስታወቱ ጋር ሲጋጭ ግፊቱ ከፍ ይላል።

ታሪክ

ብዙ ጊዜ የመስል ካር ዘመን መጀመሪያ ተደርጎ በሚጠቀሰው የ1964 (እ.ኤ.አ.) ፖንቲያክ ጂቲኦ ላይ የነበሩት የኮፈን አየር ማስገቢያዎች የተደፈኑ ጌጦች ነበሩ። በ1965 ፖንቲያክ እነዚህን ከፍቶ ከካርቡሬተሮቹ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ በሻጮቹ በኩል ማቅረብ ጀመረ። በዚያው በ1964 ለድራግ እሽቅድድም የተሠራው ፎርድ ፌርሌን ተንደርቦልት ከፋይበርግላስ የተሠራ እብጠት ያለው ኮፈን ነበረው። እብጠቱ ግን የሚያስፈልገው ከፍ ላለው ሞተር ቦታ ለመስጠት ነበር፤ አየሩ የሚገባው የውስጠኞቹ የፊት መብራቶች ተነሥተው በቦታቸው በተገጠሙ ቱቦዎች ነው።

ከዚያ በኋላ የተለያዩ ዓይነቶች መጡ። በ1969 ፎርድ ሙስታንግ ማክ 1 ላይ የሚገኘው «ሼከር» የተባለው ማስገቢያ በኮፈኑ ላይ ሳይሆን በራሱ በሞተሩ ላይ ታስሮ በኮፈኑ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ስሙን ከዚሁ አገኘ። በ1970 ሸቭሮሌት ሼቬል ኤስኤስ ላይ ከኮፈኑ ኋላ በኩል ያለ ክዳን ነጂው ነዳጅ ሲረግጥ ይከፈት ነበር። በዚያው ዓመት በፕሊመዝ ሮድ ራነር ላይ «ኤር ግራበር» የተባለው ክዳን ነጂው ማብሪያ ሲነካ ከኮፈኑ ብቅ ይልና በጎኑ የተሣለውን የሻርክ ጥርስ ያሳይ ነበር።

ፋይበርግላስ የተመረጠበት ምክንያት

ፋይበርግላስ የመስታወት ክር በሬዚን ተነክሮ ሲጠነክር የሚገኝ ቁስ ነው። ላሜራ በማተሚያ ለመቅረጽ ውድ የብረት ቅርጽ ማውጫ ይፈልጋል፤ ለፋይበርግላስ ግን ርካሽ ቅርጽ ማውጫ ይበቃል። በዚህ ምክንያት በጥቂት ቁጥር ለሚሠሩ ዕቃዎች ይመረጣል። በተጨማሪም ቀላል ነው፤ አይዝግም።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ተጠቅመውበታል። የ1965ቱ ሼልቢ ጂቲ350 የፋይበርግላስ ኮፈን ነበረው። በ1969 አጋማሽ የወጡት ባለ ሦስት ካርቡሬተር ዶጅ ሱፐር ቢ እና ፕሊመዝ ሮድ ራነር ማጠፊያ የሌለው፣ በአራት ፒን የሚያዝ፣ ተነሥቶ የሚወጣ የፋይበርግላስ ኮፈን ነበራቸው። የ1970ዎቹ ዶጅ ቻሌንጀር ቲ/ኤ እና ኦልድስሞቢል 442 ደብሊው-30ም ከፋይበርግላስ ኮፈናቸው ጋር የተሠራ አየር ማስገቢያ ነበራቸው። በእነዚህ መኪኖች ኮፈኑና ማስገቢያው አንድ ቁስ ስለሆኑ ከዚህ በታች የሚገለጸው የመገጣጠሚያ ችግር አይኖርም። ችግሩ የሚመጣው የፋይበርግላሱ ክፍል በብረት ኮፈን ላይ ለብቻው ሲገጠም ነው።

አገጣጠም

ልክ መውሰድ

በመጀመሪያ ኮፈኑ ሲዘጋ በአየር ማጣሪያውና በኮፈኑ መካከል ምን ያህል ቦታ እንዳለ ይለካል። ለዚህ የተለመደው ዘዴ በማጣሪያው ላይ ለስላሳ ሸክላ ወይም የልጆች መጫወቻ ሊጥ አስቀምጦ ኮፈኑን በቀስታ መዝጋትና እንደገና ከፍቶ የቀረውን ውፍረት መለካት ነው። ቀጥሎ የኮፈኑ መሐል መስመር በናስትሮ ይመለከታል። የካርቡሬተሩ አፍ ሁልጊዜ በመሐል መስመሩ ላይ ስለማይሆን ሁለቱም ምልክት ይደረግባቸዋል።

ከመቁረጥ በፊት የማስገቢያውን ቁመትና ስፋት የያዘ የካርቶን ሞዴል በቦታው ይደረጋል። ከዚያም በነጂው ወንበር ተቀምጦ መንገዱ በደንብ መታየቱ ይረጋገጣል። የሚፈቀደው ቁመት እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል።

ማላመድ

ፋይበርግላሱ እንደመጣ ከኮፈኑ ጥምዝ ጋር እምብዛም አይገጥምም። ክፍተቱን ቦሎን በማጥበቅ ለመዝጋት መሞከር የተለመደ ስህተት ነው፤ የተወጠረው ፋይበርግላስ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ትክክለኛው መንገድ በኮፈኑ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መለጠፍና ማስገቢያውን በላዩ እያንሸራተቱ የታችኛውን ጠርዝ መሞረድ ነው። በዚህ መንገድ ጠርዙ የኮፈኑን ጥምዝ ይይዛል። በመጨረሻ ማስገቢያው ያለ ምንም ማሰሪያ ሲቀመጥ ዙሪያውን ማረፍ አለበት።

መቁረጥ

ኮፈኑ ከመኪናው ላይ በሁለት ሰው ይነሣል። ይህ ካልተቻለ የብረት ብናኝ ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይገባ ሞተሩ በሚገባ ይሸፈናል። ከላሜራው ሥር ኮፈኑን የሚያጠነክር የብረት አጥንት አለ። ይህ ከተቆረጠ ኮፈኑ በፍጥነት ሲነዳ ይርገበገባል፤ ስለዚህ ቀዳዳው በአጥንቶቹ መካከል እንዲሆን ይደረጋል። ይህ ካልሆነ በዙሪያው ማጠናከሪያ ይበየዳል።

ቀዳዳው ከማስገቢያው የውስጥ ስፋት ያነሰ መሆን አለበት። ማዕዘኖቹ በመጀመሪያ በመሰርሰሪያ ክብ ሆነው ይበሳሉ፤ ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነውና። ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ተሞርዶ ወዲያውኑ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል።

በቦሎን መግጠም

በዚህ ዘዴ ማስገቢያው ከኮፈኑ ሥር በቦሎን ይታሰራል። በሁለቱ መካከል ስስ የጎማ ማሸጊያ ይደረጋል። በፋይበርግላሱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ከቦሎኑ ትንሽ የሰፋ ሆኖ፣ ኃይሉን ለማከፋፈል ሰፊ ሮንዴላ ይደረግበታል። ዳዶው ጎማው እስኪጨበጥ ብቻ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ፋይበርግላሱ ይደቅቃል። ዳዶው በንዝረት እንዳይላላ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ይመረጣል። የዚህ ዘዴ ጥቅም መገጣጠሚያው መንቀሳቀስ መቻሉና ማስገቢያው ሊነሣ መቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የመገጣጠሚያው መስመር መታየቱ ነው።

በማጣበቂያ መግጠም

አንዳንዶች ማስገቢያው ከኮፈኑ ጋር አንድ መስሎ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ይህ ከቦሎኑ ይልቅ ከባድ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በእያንዳንዱ ሜትር 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የኮፈን ክፍል በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 0.36 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ከፖሊስተር ሬዚንና ከተቆራረጠ የመስታወት ክር የተሠራ ፋይበርግላስ ግን የዚህን እጥፍ ያህል ሊረዝም ይችላል። መገጣጠሚያው በስስ ስቱኮ ብቻ ከተሞላ፣ ይህን ልዩነት ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር የሚሸከመው ስቱኮው ነው። ስቱኮ ደረቅ ስለሆነ ከቀለሙ ሥር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የማስገቢያውን ዙሪያ ተከትሎ ይታያል።

ይህን ለመቀነስ የሚከተሉት ይደረጋሉ፦

1. በመገጣጠሚያው ያለው የኮፈን ቀለም እስከ ብረቱ ይነሣል።
2. በፋይበርግላሱ ላይ የቀረው የቅርጽ ማውጫ ሰም በሟሟ ፈሳሽ ይጸዳል፤ ከዚያ በኋላ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ሰሙ ሳይጸዳ ቢሞረድ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።
3. ለመኪና አካል የተዘጋጀ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ዙሪያውን ይደረጋል። ፖሊስተር ሬዚን ብረትን በደንብ ስለማይዝ ለዚህ አይሆንም።
4. ማስገቢያው ሳይወጠር ተይዞ አምራቹ ባዘዘው ጊዜ እስኪጠነክር ይተዋል።
5. መስመሩ በመጀመሪያ የመስታወት ክር ባለው መሙያ ይሞላል፤ ተራው ስቱኮ ለመጨረሻው ስስ ማለስለሻ ብቻ ይውላል።

ከማጣሪያው ጋር ማገናኘት

ማስገቢያው ተገጥሞ ከአየር ማጣሪያው ጋር ካልተገናኘ፣ የገባው ቀዝቃዛ አየር በኮፈን ሥር ካለው ሙቅ አየር ጋር ይቀላቀላል። ለማገናኘት በማጣሪያው ዙሪያ ሳሕን የመሰለ ላሜራ ይደረጋል፤ በጠርዙም ላይ ኮፈኑ ሲዘጋ የሚጨመቅ ወፍራም የስፖንጅ ጎማ ይለጠፋል። ሳሕኑ የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ያስፈልጉታል። መገናኘቱ የሠራ መሆኑን ለማወቅ የሙቀት መለኪያ በማጣሪያው ውስጥ አስቀምጦ መንዳት ይበቃል፤ በጉዞ ላይ ሙቀቱ ከውጭው አየር ጋር ከተቀራረበ ሥራው ተሳክቷል።

ጥንቃቄ

* የፋይበርግላስ ብናኝ ቆዳን፣ ዓይንንና ሳንባን ያሳክካል፤ ይጎዳልም። በሚሞረድበት ጊዜ የብናኝ መከላከያ ጭንብል፣ መነጽር፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል።
* የፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያ ፐርኦክሳይድ ነው፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል። የሬዚኑ ትነትም ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ ይሠራል።
* የአየር ማጣሪያው መነሣት የለበትም። ሞተር ሲተኩስ በካርቡሬተሩ በኩል የሚወጣውን ነበልባል በመጠኑ ያግዳል፤ ከላዩ ያለው ፋይበርግላስ ደግሞ ይቃጠላል።
* አፉ ወደ ፊት የሆነ ማስገቢያ በፍጥነት ጊዜ ኮፈኑን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። መቆለፊያውና ሁለተኛው የደኅንነት መንጠቆ መሥራታቸው ይረጋገጣል፤ በኮፈኑ የፊት ማዕዘኖች ሁለት የኮፈን ፒን መጨመርም የተለመደ ነው። ኮፈን በጉዞ ላይ ከተከፈተ የነጂውን እይታ ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል።

በመኪናው ዋጋ ላይ ያለው ተጽዕኖ

አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ከፋብሪካው እንደወጣ ለቆየ መኪና የበለጠ ዋጋ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ኮፈን አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በብየዳ ቢደፈንም እንደነበረው አይሆንም። ለሙስታንግ፣ ለካማሮና ለመሳሰሉት ታዋቂ መኪኖች በአዲስ መልክ የተሠሩ ኮፈኖች በገበያ ስለሚገኙ፣ አየር ማስገቢያውን በእነዚህ ላይ ገጥሞ የመጀመሪያውን ኮፈን ማስቀመጥ ይመከራል። ይህም ባለቤቱ ወይም ከእርሱ በኋላ የሚገዛው ሰው መኪናውን ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ያስችለዋል።